የጋሼን ሃርድ ዲስክ በሊኑክስ ማዳን፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ማታ፦ ምርመራ

ዲስኩ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ነው። መጠኑ 2.5 ኢንች፣ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች የሚደራጁበት ሥርዓት) የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ። ባለቤቱ ጋሼ ናቸው፤ የአባቴ ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡ መምህር። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሲያስተምሩ ከአልቃሾች አፍ እየሰሙ የጻፉት የለቅሶ ግጥም በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ደብተሮቹ ቤት ሲቀየር ጠፍተዋል። ፎቶውም ቪዲዮውም ቢወጣ እሰየው፤ ግጥሙ ግን የግድ መውጣት አለበት።

ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ብዙ ይቆይና «ፎርማት ማድረግ ይፈልጋሉ?» ይላል። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጥገና ቤት የዊንዶውሱን መጠገኛ ቼክ ዲስክ አስነስቶበት ነበር። መሃል ላይ ሲቆምባቸው ነቅለው መለሱላቸው። ይሄ ያናድደኛል። ቼክ ዲስክ የሚሠራው ሃርድዌሩ ጤነኛ ነው ብሎ ነው። ለማስተካከል ሲል ዲስኩ ላይ ይጽፋል። የየትኛው ፋይል እንደሆነ ያላወቀውን ቁራጭ «ፋውንድ 000» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ እንዲህ ማድረግ የተረፈውንም ማጥፋት ነው።

ስለዚህ እዚህ ዲስክ ላይ ምንም አይጻፍም። ፋይልም አይፈለግበትም። ፎልደር እየከፈቱ መፈለግ የዲስኩን የማንበቢያ ጭንቅላት ወዲያ ወዲህ ያሯሩጠዋል፤ የቀረውን ዕድሜ በከንቱ ይበላል። መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ይገለበጣል። ፍለጋው ከዚያ በኋላ ቅጂው ላይ ነው።

ከዩኤስቢው ሳላወጣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘውን የስማርት መዝገብ አየሁ። ትዕዛዙ ስማርትሲቲኤል ነው፤ በዩኤስቢ ሲሆን ብዙ ጊዜ «ሰረዝ ዲ ሳት» የሚል መጨመር ያስፈልጋል። ለእኔ ዋናዎቹ ተራ ቁጥሮች 5፣ 197 እና 199 ናቸው። 5 ዲስኩ ራሱ በመጠባበቂያ የተካቸው ሴክተሮች (ዳታ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት ነው። 197 ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁት ነው። እዚህ ዲስክ ላይ 5ኛው ትንሽ ነው፤ 197 ግን በመቶዎች ይቆጠራል። 199 ደግሞ እያየሁት ይጨምር ነበር። እሱ ዲስኩን ሳይሆን በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለውን መስመር ነው የሚመለከተው። ገመዱ ወይም የዩኤስቢ ማገናኛ ቦርዱ ችግር አለበት ማለት ነው።

ጆሮዬንም አስጠግቼ አዳመጥኩ። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ የለውም። ቢኖረው ኖሮ እዚሁ አቆም ነበር። ጭንቅላቱ የተጎዳ ዲስክ በሶፍትዌር አይድንም፤ በበራ ቁጥር ዳታው ያለበትን ሳህን ይፍቃል። ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው የሚሉም አሉ። አይደረግም፤ እርጥበት ይይዛል።

ማክሰኞ፦ ዕቃና ወጪ

የምሠራበት ማሽን ቤት ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ለዚህ ሥራ ፍጥነት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ዲስክ ያለ ዩኤስቢ በቀጥታ የሚሰካበት ሳታ ሶኬት ነው። የገዛሁት የሳታ ኬብል 300 ብር፣ ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ 600 ብር፣ ማስቀመጫ የሚሆን አዲስ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ 12,500 ብር። የመጨረሻውን ጋሼ ራሳቸው ከፈሉ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ሲሰማ ያስደነግጣል። ቢሆንም እዚህ ላይ መቆጠብ አይቻልም። ማስቀመጫው ከታማሚው ዲስክ የሰፋ ካልሆነ ሥራው አይጀመርም።

የኤክስተርናሉን ፕላስቲክ ሽፋን በአሮጌ የባንክ ካርድ ከፈትኩት። እንደ ዕድል ውስጡ ያለው መደበኛ የሳታ ዲስክ ነው፤ የዩኤስቢ ቦርዱ ተነቃይ ነው። ሁሉም እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ ዩኤስቢው ራሱ ዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ማገናኛ ቦርዱ ዳታውን ኢንክሪፕት ስለሚያደርግ፣ በቀጥታ ሳታ ሲሰካ የሚነበበው ትርጉም የለሽ ነገር ይሆናል። ሳይከፍቱ በፊት ሞዴሉን ማጣራት ይሻላል።

በሳታ በቀጥታ ሲሰካ 199 መጨመሩን አቆመ። ከነበረው ችግር የተወሰነው የዩኤስቢው ነበር ማለት ነው። 197 ግን እንዳለ ነው። ሳህኑ ላይ እውነተኛ ጉዳት አለ።

ፍላሹ ላይ ሲስተም ሬስኪው የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩ። ከፍላሹ ይነሳል፣ የሚያስፈልገው መሣሪያ አብሮት አለ፣ ዲስክ ሲሰካም ዝም ብሎ ማውንት አያደርግም፤ ማለትም ሳይታዘዝ ፋይሎቹን አይከፍትም። ኡቡንቱም ይሆናል፤ ግን ፋይል ማናጀሩ ላይ ዲስኩን አንዴ ጠቅ ካደረጉት ማውንት ያደርገዋል። ለማንኛውም ብሎክዴቭ በሚባለው ትዕዛዝ ዲስኩን «ንባብ ብቻ» አደረግሁት። አዲሱን ዲስክ በሊኑክሱ ፋይል ሲስተም በኤክስት4 ፎርማት አድርጌዋለሁ። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የእኔ ኢሜጅ (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ) ደግሞ አንድ ወጥ የ1 ቴራ ፋይል ነው።

ረቡዕ፦ የመጀመሪያው ቅጂ

ፕሮግራሙ የጂኤንዩ ዲዲሬስኪዩ ነው፤ አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የጻፈው። ሲጫን ስሙ ላይ መጠንቀቅ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፓኬጁ «ጂዲዲሬስኪዩ» ይባላል፤ ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሲጠራ ግን ከፊቱ ያለችው ጂ የለችም። በመሃሉ የታች ሰረዝ ያለው «ዲዲ_ሬስኪዩ» ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ አጠቃቀሙም ሌላ ነው።

ተራው የሊኑክስ መገልበጫ ትዕዛዝ ዲዲ መጥፎ ሴክተር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወይም እንዲዘል ከታዘዘ የዘለለውን የትም አይመዘግብም። ዲዲሬስኪዩ የካርታ ፋይል አለው። የቱ እንደተነበበ፣ የቱ እንዳልተሞከረ፣ የቱ እንዳቃተው እዚያ ላይ ይጽፋል። አስተዋይነቱ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀላሉን ሁሉ ጠራርጎ ያወጣል። ቀርፋፋ ወይም መጥፎ ቦታ ሲያገኝ ዘሎ ያልፋል። አስቸጋሪውን ወደ መጨረሻ ያቆየዋል። ዲስኩ መሃል ላይ ቢሞት እንኳ አብዛኛው ወጥቷል።

ትዕዛዙን የሰጠሁት «ሰረዝ ዲ» እና «ሰረዝ ኤን» ጨምሬ ነው። የመጀመሪያው የሊኑክስን መሸጋገሪያ ሚሞሪ ትቶ ከዲስኩ በቀጥታ እንዲያነብ ነው። ሁለተኛው ለጊዜው መጥፎውን ቦታ አትፋቀው፣ ማለትም ሴክተር በሴክተር ለማንበብ አትታገል ማለት ነው። ከዚያ የምንጩ ስም፣ የኢሜጁ ስም፣ የካርታው ስም። ኢንተር ከመምታቴ በፊት ምንጩና መድረሻው እንዳይገለባበጡ ዲስኮችን በሚዘረዝረው ትዕዛዝ በኤልኤስቢኤልኬ የዲስኮቹን መጠንና መለያ ቁጥር ደጋግሜ አየሁ።

መጀመሪያ ላይ በሰከንድ ከ80 ሜጋባይት በላይ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወደ ኪሎባይት ወረደ፣ ዘለለ፣ እንደገና ተነሳ። የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መዝገብ ላይ «ሚዲየም ኤረር» የሚል የንባብ ስህተት ይደረደራል። ያ የሚጠበቅ ነው። የሙቀት መጠኑ 50 ዲግሪ ሲያልፍ አቁሜ የጠረጴዛ ማራገቢያ ፊት ለፊቱ አደረግሁ፤ ወደ 38 ወረደ።

ማታ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ የለኝም። ካርታው በየጊዜው ዲስክ ላይ ስለሚጻፍ መብራት ሲመጣ ያንኑ ትዕዛዝ ስሰጠው ከቆመበት ቀጠለ። ለእኛ አገር ሁኔታ የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል። የሚደጋገም የመብራት መቆራረጥ ግን ለታማሚ ዲስክ ጥሩ አይደለም፤ በተነሳ ቁጥር ይጎዳል። ከጎረቤት ዩፒኤስ ለመንኩ፤ ሰጡኝ።

ዓርብ፦ የቀረውን መልቀም

ከመቶ 98 ወጥቷል። የቀረው 2 ከመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን 20 ጊጋባይት ገደማ ነው። የጋሼ ግጥም በሙሉ ተደምሮ 50 ሜጋባይት አይሞላም። ሁሉም እዚያ 2 ከመቶ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

«ሰረዝ ትልቁ አር» ብዬ ከኋላ ወደ ፊት እንዲያነብ አደረግሁ። መጥፎ ቦታ ከፊት በኩል ሲደርሱበት እምቢ ቢልም ከኋላ ሲመጡበት እስከ ጫፉ ድረስ ይሰጣል። ጥሩ ቁራሽ ወጣ። የቀረውን እያንዳንዱን ሴክተር ከመፋቅ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ መጥፎው ቦታ ላይ በእርግጥ ፋይል አለ ወይ? የዲስኩ ሁለት ሦስተኛ ባዶ ነው። ባዶ ቦታን ለማንበብ ዲስኩን ማሰቃየት ትርጉም የለውም።

ኤንቲኤፍኤስ የትኛው ክላስተር (የሴክተሮች ጥቅል) እንደተያዘና የትኛው ባዶ እንደሆነ የሚያሳይ ቢትማፕ አለው። ያ ቢትማፕ ደህና ተገልብጧል። ፓርትክሎን የሚባለው ፕሮግራም ይህን አንብቦ ዲዲሬስኪዩ የሚገባው፣ የትኛው ቦታ እንደሚነበብ የሚነግር የክልል ፋይል ያወጣል። ከዚያ ዲዲሬስኪዩን «በዚህ ክልል ውስጥ ብቻ ሥራ» ማለት ይቻላል። ፓርቲሽኑ (ፋይሎቹ ያሉበት የዲስኩ ክፍል) የሚጀምረው ሴክተር 2048 ላይ ስለሆነ፣ በ512 ሲባዛ 1,048,576 ባይት ወደፊት መግፋት ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ከተሳሳተ ክልሉ ሁሉ ይዛነፋል።

የሚፈለገው መጥፎ ቦታ ወደ 6 ጊጋባይት ወረደ። እዚያ ላይ ብቻ መፋቁን ፈቀድኩ፣ ድጋሚ ሙከራም ጨመርኩ። ሌሊቱን ሙሉ እያዘገመ ሠራ። ጠዋት ላይ የቀረው ከ400 ሜጋባይት በታች ነበር። 197 ከፍ ማለት ስለጀመረ ዲስኩን አጥፍቼ ነቀልኩት። ኢሜጁ በእጄ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፦ የትኛው ፋይል ተጎዳ?

ኢሜጁ ላይ ያልተነበበው ቦታ በዜሮ የተሞላ ነው። ፋይሉ ስሙም መጠኑም ልክ ሆኖ ውስጡ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ዲዲሬስኪዩ ለዚህ መላ አለው። «ፊል ሞድ» ይባላል። መጥፎ የተባሉትን ቦታዎች ብቻ በመረጥኩት ጽሑፍ ይሞላቸዋል። ሌላ ቦታ የማይገኝ የቃላት ቅጥልጥል መረጥኩ። የካርታውን ፋይል አስቀድሜ ኮፒ አደረግሁ፣ ምክንያቱም ይህ ሥራ ካርታውን ይነካዋል። ከዚያ ኢሜጁን ፋይልን እንደ ዲስክ በሚያሳይ የሉፕ መሣሪያ፣ በንባብ ብቻ ማውንት አድርጌ ጽሑፍ በሚፈልገው ትዕዛዝ በግሬፕ ያን ጽሑፍ የያዙትን ፋይሎች ስም አወጣሁ።

አብዛኞቹ የሠርግ ቪዲዮዎች ናቸው። ቪዲዮ መሃሉ ላይ ጥቂት ሴክተር ቢጎድለው ለትንሽ ጊዜ ይንተባተባል እንጂ ይታያል። ፎቶዎቹ ከጥቂቶች በቀር ደህና ናቸው። ምልክቱን በኋላ በዜሮ ሞልቼ መለስኩት።

የግጥሙ ፎልደር ግን የለም። ጋሼን ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ፎልደሩን ምን ብለው ነበር የሰየሙት?»

«መንዝ ነው የሚለው ልጄ። ዋናውን ያረምኩት 2002 ጥቅምት ላይ ነው፤ እርግጠኛ ነኝ።»

ጥቅምት 2002 ማለት በፈረንጅ ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9፣ 2009 ነው። በፋይንድ ትዕዛዝ በሁለቱ ቀኖች መካከል የተለወጡ ፋይሎችን ፈለግሁ። ፎቶ ብቻ። የኤንቲኤፍኤስ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል 1024 ባይት የሆነች የራሱ ገጽ አለው፤ ስሙ፣ ቀኑና ዳታው ያለበት ቦታ እዚያ ላይ ነው። የመዝገቡ አንድ ክፍል ካልተነበበው ውስጥ ነው። ገጹ ሲጠፋ ፋይሉ ስም አልባ ይሆናል፤ ዳታው ግን ከነበረበት አይነሳም።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ፎቶሬክ

ፎቶሬክ ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ዎርድም ኤክሴልም ይፈልጋል። የፋይል ሲስተሙን ትቶ የእያንዳንዱን ዓይነት ፋይል የመነሻ ምልክት እያየ ይለቅማል። ከክሪስቶፍ ግሬኒየር ቴስትዲስክ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። የሰነድ ዓይነቶችን ብቻ መረጥኩ። አለበለዚያ ከብሮውዘር የተረፈ ትንንሽ ሥዕል ሁሉ ያወጣና ያጥለቀልቃል።

ከሺህ የሚበልጥ የዎርድ ፋይል ወጣ። ስማቸው ሁሉ ፊደልና ቁጥር ነው። የትምህርት ቤት ፈተና አለ፣ የእድር ቃለ ጉባኤ አለ፣ የሰው ማመልከቻ አለ። እዚህ መሃል ግጥሙን ማግኘት ነው የቀረው።

እሑድ፦ አማርኛን መፈለግ

የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ይሄ ሆነ፤ እዚህ ላይ በደንብ የተጻፈ ነገርም ስላላገኘሁ በዝርዝር አስቀምጠዋለሁ።

የዎርድ ሰነድ የሚከፍተውን ሊብሬኦፊስን ያለ መስኮት ከተርሚናል አስነስቼ ሁሉንም ወደ ጽሑፍ ፋይል ለወጥኩ። ከዚያ በግሬፕ «ሐዘን» ብዬ ፈለግሁ። ጥቂት ብቻ መጣ። ችግሩ ድርብ ነበር።

አንደኛው ሞክሼ ፊደል ነው። ሰው ሐዘንም፣ ሀዘንም፣ ኀዘንም ይጽፋል። አንድ ሰው ራሱ በአንድ ገጽ ላይ ያቀላቅላል። ስለዚህ ፍለጋው «[ሀሐኀሃሓኃ]ዘን» መሆን አለበት። ለሰ እና ሠ፣ ለአ እና ዐ፣ ለጸ እና ፀም እንዲሁ። ይህ የሚሠራው ተርሚናሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ ላይ ሲሆን ነው። አለበለዚያ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሦስት የተለያየ ባይት ያየውና ቅንፉ ይበላሻል። ሐረግ ሲፈለግ ደግሞ በቃላት መካከል ክፍት ቦታም ሁለት ነጥብም ሊኖር ይችላል፤ «[ ፡]» አድርጌ አልፌዋለሁ። ጋሼ ሁለት ነጥብ የሚወዱ ሰው ናቸው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች የጋራ የሆነ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በድሮዎቹ ፎንቶች ነበር። ስጠይቃቸው ጋሼ «መጀመሪያ በቪዥዋል ግዕዝ፣ ኋላ በፓወር ግዕዝ» አሉኝ። የድሮዎቹ ፎንቶች አማርኛውን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደልና ምልክት ቦታ ነው። ስክሪኑ ላይ ግዕዝ ያሳያሉ፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ይሆናል። «ሐዘን» ብሎ መፈለግ እዚያ ላይ ፋይዳ የለውም።

የሞከርኩት የመጀመሪያ መንገድ በፎንቱ ስም መፈለግ ነው። የዎርድ ሰነድ የተጠቀመባቸውን ፎንቶች ዝርዝር ውስጡ ይይዛል። በድሮው የዎርድ ዓይነት ስሙ በእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ሆኖ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ በየፊደሉ መሃል ዜሮ ባይት እየጨመርኩ በግሬፕ ፈለግሁ። ሰነዶቹ ወዲያው በሁለት ተከፈሉ። የግዕዝ ፎንት ያለባቸውና የሌለባቸው። ከሺህ በላይ የነበረው ወደ 200 ገደማ ወረደ።

ቀጥሎ ቁልፍ ቃል አስፈለገኝ። ጋሼ ድሮ ለአንድ ዘመዳቸው በኢሜይል የላኩት አንድ ግጥም ተገኘ፤ በዚያው ፎንት የተጻፈ። እሱን ወደ ጽሑፍ ለወጥኩና «ሞት» የሚለው ቃል ወደ ምን ዓይነት ዝብርቅርቅ እንደተቀየረ አየሁ። ያንኑ ዝብርቅርቅ ቆርጬ ፍለጋው ውስጥ አስገባሁ። በአንድ ፎንት የተጻፈ ቃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ባይት ነው፤ የኮዱን ሰንጠረዥ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። ወንድም፣ እናት፣ መንዝ ለሚሉት ቃላትም እንዲሁ አደረግሁ።

መጣ። አንዱን ከፍቼ ፎንቱን ስጭን ግጥሙ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ፤ ከእያንዳንዱ በላይ የአልቃሿ መንደርና የተሰማበት ወር ተጽፏል። በጣም ነው የተደሰትኩት።

ማክሰኞ፦ የመጨረሻውን ረቂቅ መለየት

አንዱ ግጥም በብዙ ሰነድ ውስጥ ይደጋገማል። ጋሼ እያረሙ በአዲስ ስም ያስቀምጡ ነበር። ፍጹም አንድ የሆኑትን በኤምዲ5 (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ) አነጻጽሬ አስወገድኩ። ለቀሩት «ፋይል» የሚባለው ትንሽ ትዕዛዝ ጠቀመኝ። የድሮ የዎርድ ሰነድ ላይ ሲጠራ ርዕሱን፣ የጻፈውን ሰው ስም፣ መጨረሻ የተቀመጠበትን ቀንና ስንት ጊዜ እንደታረመ ይዘረዝራል። የፋይል ሲስተሙ መዝገብ ቢጠፋም ይህ ሰነዱ ሆድ ውስጥ ያለ ነው።

ቀኑን ግን ብዙ አላመንኩትም። በርካታ ሰነድ ጃንዋሪ 1፣ 2002 ይላል፤ የድሮው ኮምፒውተራቸው የቦርድ ባትሪ ስለሞተ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለስ ነበር። የእርማቱ ብዛት የተሻለ መለያ ነው። ትልቁን ቁጥር የያዘውን እንደ መጨረሻ ረቂቅ ወስጄ፣ ከሱ በፊት ያለውንም ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የቱ ይሻላል የሚለውን የሚወስኑት ጋሼ ናቸው።

አንዳንዱ ሰነድ ተሰብሯል። ፎቶሬክ ዲስኩ ላይ ተበታትኖ የተጻፈን ፋይል ብዙ ጊዜ መገጣጠም አይችልም። ሊብሬኦፊስ እምቢ ያላቸውን ከሰነድ ጽሑፉን ብቻ በሚያወጣው በካትዶክ ሞከርኩ፤ ከጥቂቶቹ ግማሽ ገጽ፣ ከአንዱ ሁለት ስንኝ ወጣ። እነሱን «ቁራጭ» በሚል ፎልደር ለብቻ አድርጌያለሁ። የሚጣል ነገር የለም።

ቅዳሜ፦ ርክክብ

ጋሼ መጥተው አብረን አየን። ከሚያስታውሷቸው ግጥሞች የማይገኙ አሉ፤ ከነዚህ ሁለቱን በቃላቸው አሉልኝና እዚያው በዩኒኮድ ጻፍኩ። ሌላው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። መለወጫ ፕሮግራም ቢኖርም አንዳንድ ዲቃላ ፊደሎችን ያሳስታል፤ ስለዚህ የተለወጠው ሁሉ በዓይን ይነበባል። ጋሼ እየታተመላቸው በእስክሪብቶ እያረሙ ነው።

ኢሜጁና ካርታው አዲሱ ዲስክ ላይ ይቆያሉ። የግጥሙ ፎልደር ትንሽ ስለሆነ በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ጋሼ ወሰዱ፣ አንዱን ደብረ ብርሃን ላለችው ልጃቸው ላክን፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ኢሜይላቸው ውስጥ ነው። አሮጌውን ዲስክ በፕላስቲክ ጠቅልዬ መልሼላቸዋለሁ፤ ላዩ ላይ «አይሰካም» ብዬ ጽፌበታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የተሰበሩትን ሰነዶች ባይቱን በጥሬው በሚያሳይ ሄክስ ኤዲተር ከፍቼ የቀረ ስንኝ ካለ እለቅማለሁ።